ለመዝገብ ንጽሕና የሚከፈል ሕማም

ሰው በእንስሳት ሁሉ ላይ ሥልጣን እንደ ተሰጠው በኦሪት ተጽፏል፤ ነገር ግን ሥልጣን የተቀበለ ሁሉ ስለ አገዛዙ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ ውሻን ለዐይን ደስ እንዲል በአንድ በተወሰነ መልክ ብቻ የሚያራባ ሰው፣ ይህ ልማድ በፍጡሩ ሥጋ ላይ የሚያመጣውን ደዌ እያወቀ ዝም ቢል በኅሊና ፊት ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም።

ውሾችን በየዝርያቸው የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ለየዝርያው የቁመቱ፣ የጠጉሩና የአፍንጫው ልክ ሳይቀር ቀስ በቀስ በጽሑፍ እየተደነገገ፣ ወላጆቹ በመዝገብ ያልሰፈሩለት ውሻ ከዝርያው እንዳይቆጠር ተደረገ። እንዲህ በተዘጋ ዘር ውስጥ ለሁሉ የደረሰ ጉድለት ቢኖር፣ ከውጭ ጤናማ ደም ካልገባ በቀር ማንም አርቢ በመምረጥ ብቻ ሊያጠፋው አይችልም።

ዳልማሺያን የተባለው ባለ ነጠብጣብ ውሻ የደረሰበት ይህ ነው። ቀድሞ ከሠረገላ ጎን ይሮጥ የነበረው ይህ ያማረ እንስሳ፣ ሌሎች ውሾች በጉበታቸው የሚለውጡትን ዩሪክ አሲድ መለወጥ ስለማይችል፣ አሲዱ ከሽንቱ ጋር ይወጣል፤ በአንዳንዶቹም ፊኛ ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ጠጠሩ የወንዱን ቀጭን የሽንት ቧንቧ የዘጋ እንደ ሆነ፣ ምስኪኑ ለመሽናት እያማጠ ይሠቃያል፤ ፈጥኖ ካልታከመም ይሞታል። ሁሉም በጠጠር ባይያዙም፣ ጉድለቱን ግን ንጹሕ ዘር ተብለው የተመዘገቡት በሙሉ ወርሰውት ነበር።

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። ሮበርት ሻይብል የተባለ አሜሪካዊ የዘር ውርስ ሊቅ በ1973 አንድ ዳልማሺያን ፖይንተር ከተባለ ሌላ የውሻ ዝርያ ጋር አዳቀለ፤ ከዚያም ጤናማውን ዘረ መል የወረሱትን እየለየ፣ በየትውልዱ ከዳልማሺያን ጋር መልሶ አዳቀላቸው። በአምስተኛው ትውልድ የፖይንተሩ ድርሻ በስሌት ከ32 እጅ አንድ እጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1981 የአሜሪካው ኬኔል ክለብ ከእነዚህ ሁለቱን መዘገበ፤ የአገሩ የዳልማሺያን አርቢዎች ማኅበር ግን ስለ ተቃወመ፣ የመዝገቡ በር ተመልሶ ተዘጋባቸውና የተከፈተው በ2011 ሆነ። ሠላሳ ዓመት! በዚያ ዘመን ሁሉ ጉድለቱን ይዘው ከተወለዱት ቡችሎች አንዳንዶቹ፣ ለማያውቁት መዝገብ ክብር ሲባል ታመሙ።

ተቃዋሚዎቹን ጨካኞች አልላቸውም። ብዙዎቹ የታመመ ውሻቸውን ሲያስታምሙ ሌሊቱን የሚያነጉ፣ ከቀደሟቸው አርቢዎች የተረከቡትን አደራ ላለማጉደል የሚጠነቀቁ ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም። ስሕተታቸው የአደራውን ባለቤት መርሳታቸው ነው፤ አደራው የእንስሳው እንጂ የሐረገ ትውልዱ አልነበረምና። ባዕድ ደም ሌላ ያልታወቀ በሽታ ያመጣል፣ የዝርያውንም ጠባይ ያጠፋል የሚለው ሥጋታቸው በግዴለሽነት ስለሚደረግ ማዳቀል ቢነገር ትክክል ነው፤ በአንድ ጊዜ ማዳቀልና በየትውልዱ በተደረገ ምርጫ ስለ ተሠራው ሥራ ግን አይነገርም፤ ከእርሱ የተገኙት ውሾች በመልክም በጠባይም ዳልማሺያን ናቸውና።

ዛሬ ተራው የካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ሆኗል። ይህ ትንሽና የዋህ ውሻ በልብ ደዌ ይጠቃል፤ የራስ ቅሉም ለአንጎሉ ስለሚጠብበት አንዳንዱ ከባድ ሕመም ይደርስበታል። በ2023 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ዝርያ እንዳለ ማራባት የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። የእንግሊዝና የአሜሪካ መዝገብ ጠባቂዎች እንዲህ ያለውን ፍርድ በየአገራቸው ሳይጠብቁ፣ በሐኪሞችና በዘር ሊቃውንት ጥበቃ ለካቫሊየሩ ጤናማ ደም የሚገባበትን በር ዛሬውኑ ሊከፍቱለት ይገባል፤ ቡችላ የሚገዛውም ሰው የሐረጉን ወረቀት ከማየቱ በፊት የወላጆቹን የልብና የአንጎል ምርመራ ውጤት ይጠይቅ፤ ካላሳዩትም ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።