ይህ ፎቶግራፍ የት ተነሣ?

ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ በአሁኑ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከእነዚህም መካከል ጥቂቶቹ ፊታቸውን ወደ ሣሩና ወደ ቅጠሉ መልሰው ጉንዳንን፣ ሸረሪትን፣ ጤዛ ያረፈበትን አበባ በቅርብ እያነሡ ያሳዩናል። በስልኩ ሌንስ ላይ የምትለጠፍ አነስተኛ ማጉያ ስትጨመርማ ዐይናችን አይቶት የማያውቀው ዓለም ይገለጣል። ይህን ልማድ እንወደዋለን። ቅር የሚለን ፎቶግራፉ ከታየ በኋላ በሚደረገው ውይይት ነው።

ውይይቱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። አንዱ ያነሣውን ያሳያል፤ ሌሎቹ «ድንቅ ነው!» ይላሉ፤ ቀጥሎም ስለ ካሜራው ዓይነት፣ ስለ ብርሃኑ አቅጣጫና ስለ ቀለሙ ይጠያየቃሉ። «የት አገኘኸው? መቼ? በምን ተክል ላይ ነበር? ምን ያህል ያክላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሳይንስ እንማራለን በምንል በእኛ መካከል ይህ መሆኑ ያስገርማል።

ለምሳሌ ያህል «ንብ በአደይ አበባ ላይ» የሚል ርእስ የሚሰጣቸውን ፎቶግራፎች እንውሰድ። ከእነዚህ ውስጥ ንብ ያልሆኑት ጥቂት አይደሉም። ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው፣ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የሚችል፣ የንብን መልክ በመላበሱ ከአዳኞች የሚድን የዝንብ ወገን አለ። ንብ አራት ክንፎች ሲኖሯት ዝንብ ሁለት ብቻ ነው ያለው። የዝንቡ ዐይኖች ትላልቅ፣ አንቴናዎቹ ደግሞ እጅግ አጫጭር ናቸው፤ የንቧ አንቴናዎች ግን ረዘም ብለው እንደ ክርን ታጥፈዋል። ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ አይነግረንም፤ ከቅርብ የተነሣው ግን ይነግረናል፣ ጠያቂ ካገኘ። የብዙዎቹ የእነዚህ ዝንቦች ዕጮች ክሽክሽን እየበሉ ስለሚያድጉ የገበሬው ወዳጆች ናቸው። እንግዲህ ንብና ዝንብ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ አይደለም። አደይ አበባም ብትሆን በቅርብ ሲያዩዋት አንዲት አበባ አይደለችም፤ ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠል መሳዮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መካከሏም በበርካታ ጥቃቅን አበቦች የተሞላ ነው።

ስለ ቦታና ስለ ቀን አጥብቀን የምንናገርበትን ምክንያት ለመረዳት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ብሔራዊ ሄርባሪየም ማሰብ ይበቃል። በዚያ ያሉት ተክሎች ተጭነው፣ ደርቀው በወረቀት ላይ የተለጠፉ ናቸው። የብዙዎቹ ቀለም ጠፍቷል፤ አበባቸው ጠውልጓል፤ ለዐይን የሚማርክ ነገር የላቸውም። ነገር ግን ተክሉ የተሰበሰበበት ቦታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከጎኑ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራው ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የሚገልጸው ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ መሠረቱ እንዲህ ያለ የደረቀ ናሙና ነው። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ያ ሁሉ ክምችት ድርቆሽ በሆነ ነበር። በስልኮቻችን ውስጥ የተከማቸው ውብ ፎቶግራፍስ ከዚህ በምን ይሻላል?

አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉክ ሆክ ፒንግ የተባለ ማሌዥያዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰላንጎር ግዛት ጫካ ውስጥ ክንፈ መረብ የሆነ አረንጓዴ ነፍሳት አገኘ፤ አነሣው፤ ነፍሳቱም በረረ። ጉክ ፎቶግራፉን ፍሊከር በተባለው የፎቶግራፍ መለዋወጫ ላይ አወጣው። በካሊፎርኒያ የሚሠራው የነፍሳት ተመራማሪ ሾን ዊንተርተን በአጋጣሚ ሲያየው በክንፉ ሥር ያለው ጥቁር መረብና ሰማያዊ ምልክት ከሚያውቃቸው ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጠመለትም። ወዲያው ለፎቶግራፍ አንሺው ጻፈ። ጉክ ያነሣበትን ቦታ ያውቅ ስለነበር ወደዚያው ተመልሶ፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነፍሳቱን ዳግም አገኘው፤ ናሙናውም ለንደን ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከ። እዚያም ስቲቨን ብሩክስ አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሳባ የተሰበሰበ የዚሁ ዝርያ ናሙና በሙዚየሙ ውስጥ ማንም ልብ ሳይለው ተቀምጦ መገኘቱ ነው። ሦስቱም በአንድነት ጥናቱን በ2012 አሳተሙ፤ ዝርያውም ሴማክሪሳ ጄድ ተባለ። ፎቶግራፉ ብቻውን አዲስ ዝርያ ለመሰየም አልበቃም። ብዙ ነፍሳት በአጉሊ መነጽር ካልተመረመሩ አይለዩምና ይህ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄውን የቀሰቀሰው ግን ፎቶግራፉ ነበር።

አዲስ ዝርያ ማግኘት ለጥቂቶች የሚደርስ ዕድል ነው፤ የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ለማሳችን ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎን እንዴት እንዳጠቃ ከገጠር የመጣን ተማሪዎች አንረሳውም። ይህን ተምች ከነባሩ ተምች የሚለዩት ምልክቶች በቅርብ ለሚያይ ሰው የተገለጡ ናቸው። በግንባሩ ላይ የእኛን «ሰ» ፊደል የምትመስል ነጣ ያለች መስመር አለች፤ በጅራቱ አካባቢ ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ቅርጽ ተደርድረው ይታያሉ። አንድ ተማሪ ለእረፍት አገሩ ሲገባ ከአባቱ ማሳ ላይ እነዚህን ምልክቶች አጥርቶ ቢያነሣና ቀበሌውንና ቀኑን ጽፎ ለግብርና ባለሙያው ቢያሳይ ጊዜ የሚቆጥብ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ያው ፎቶግራፍ ከነውበቱ፣ ያለ ቦታና ያለ ቀን ሲመጣ ግን ለባለሙያው የአንድ ትል ሥዕል ነው።

ስለ አነሣሡ ጥቂት እንበል። ነፍሳቱ በካሜራው የብርሃን መቀበያ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ሲያርፍ፣ 24 በ36 ሚሊሜትር መቀበያ ባለው ካሜራ የሌንሱ ክፍተት ቁጥር 8 ላይ ቢሆን፣ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንሺው ይመርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን ያጠራል፤ ክንፉና እግሩ ይደበዝዛሉ። ይህ ለዐይን መልካም ነው፤ ለመለየት የሚፈለገው ግን የክንፉ ጅማት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም አንድ ውብ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ እንዲሁም ያረፈበትን ተክል ጭምር መጨመር ይገባል። ለመጠኑ ማስመሪያ አጠገቡ ማኖር ካልተቻለም ልኩን ገምቶ መጻፍ ነው።

«ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ ነው፤ የቤተ ሙከራ መዝገብ አታድርጉብን» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ከሥዕሉ ሥር የምትጻፍ አንዲት መስመር ውበቱን ስትቀንስ ግን አላየንም። በሌላ በኩል ደግሞ ለውበት ሲባል የሚሠራ ጥፋት አለ። ነፍሳቱ እንዳይንቀሳቀስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተው ካደነዘዙት በኋላ በማያውቀው አበባ ላይ አስቀምጠው የሚያነሡ አሉ። በነፍሳቱ ላይ ግፍ መሆኑ ሳያንስ ሥዕሉም ሐሰተኛ ይሆናል፤ ያ ነፍሳት በዚያ ተክል ላይ አይኖርምና። የወፍ ጎጆን ለማሳየት ቅርንጫፍ የሚመለምሉትም ከዚህ አይለዩም። ብርቅዬ ተክል ወይም ጎጆ የተገኘበትን ቦታ በተመለከተ ደግሞ ለተመራማሪ መስጠት እንጂ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ማወጅ አይገባም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ቦታ እንዲመዘግብ የተፈቀደለት ስልክ ቀኑንና ቦታውን ራሱ ከፎቶግራፉ ጋር ያኖረዋል። ነገር ግን ፎቶግራፉ በቴሌግራም እንደ ተራ ሥዕል ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፤ ያ መረጃም ይወገዳል። በፋይልነት ሲላክ ግን እንደ ተነሣ ይደርሳል። መስከረም ሲጠባ የአደይ አበባ ሥዕሎች መጉረፋቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከ«ድንቅ ነው» ቀጥሎ ክንፎቹን የሚቆጥርና ወረዳውን የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ ደስ ይለናል።