መልእክት ደረሰ ማለት ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም

ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ገዢ በሞባይል ከፍሎ «ገብቷል» ብሎ ስልኩን ሲያሳይ፣ ጠንቃቃ ሻጭ ሐብሉን ከማስረከቡ በፊት የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ያያል። ከባንክ የመጣ የሚመስል የሐሰት ኤስኤምኤስ ልኮ ዕቃ ይዞ መሄድ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነውና። በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ግን የዚህ ጥንቃቄ ተቃራኒ የሆነ ሐሳብ ይሰማል፦ ቋንቋው ራሱ በክስተት ላይ ብቻ ይቁም፤ ቁልፍ ሲነካ ይህን፣ መልእክት ሲደርስ ያንን ማድረግ ይበቃል ይባላል። ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ሥራ ይህ አደገኛ ነው።

ክፍያ አንድ ሥራ ነው፤ ጥያቄው ይቀርባል፣ ቀሪ ሂሳቡ ይታያል፣ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ይደመራል። በክስተት ብቻ ሲጻፍ ግን ይህ ሥራ ተበጣጥሶ በየፊናው ይቀመጣል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነበብበት ገጽ የለም። ኔትወርክ ተቆራርጦ ምላሽ ሲዘገይ ገዢው ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ለፕሮግራሙ ይህ አዲስ ክስተት ነው፤ የፊተኛውን ክፍያ የሚያስታውስ ነገር ካልተጻፈለት 5,000 ብሩን ሁለቴ ይቆርጣል። የጃቫስክሪፕት ታሪክም ይህን የሥራ መበጣጠስ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1995 ለድረ ገጾች የተፈጠረው ቋንቋ በ2009 ኖድ በተባለው ማስኬጃ አማካይነት ወደ ሰርቨር ሲዘልቅ፣ ምላሽ ጠባቂ ኮዶች አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ እየተደራረቡ ለማንበብ አስቸገሩ። በ2017 «አዌይት» የተባለው ምላሽን ጠብቆ የሚቀጥል ትእዛዝ የቋንቋው መስፈርት ውስጥ የገባው፣ ሥራው እንደገና ከላይ ወደ ታች በተራ እንዲጻፍ ነው።

ኤርላንግን የሚጠቅሱ ተቃዋሚዎች አሉ፤ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ በኤሪክሰን የጀመሩት ይህ ቋንቋ ለስልክ ማዞሪያ ታስቦ በመልእክት ልውውጥ የቆመ ነው። ነገር ግን በኤርላንግ እያንዳንዱ ሂደት የራሱን ተግባር በቅደም ተከተል ይሠራል፤ የትኛውን መልእክት የት ላይ እንደሚጠብቅም ራሱ ይወስናል። መልእክቱ አገልጋይ እንጂ አዛዥ አይደለም። ሌሎች ደግሞ የባንክ መዝገብስ የክስተቶች ዝርዝር አይደለም ወይ ይላሉ። ነው፤ ሆኖም መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ተመርምሮ የጸደቀው ነው፣ ገና ያልተመረመረው ጥያቄ ብቻ ነው። ከአንዱ የተቀነሰው ለሌላው ከተደመረው ጋር እኩል መሆኑም በአንድ ቅጽበት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ማንም ቁልፍ ባይነካ፣ ምንም መልእክት ባይመጣ እውነት ሆኖ መቆየት አለበት። ቁልፍና መስኮት በክስተት ይጻፉ፣ ያምርባቸዋል። ከቴሌብር ወዲህ ለሱቅና ለካፌ የክፍያ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ግን የተቀነሰውና የተደመረው እኩል ይሁን የሚለውን ደንብ በአንድ ቦታ በግልጽ የሚያሰፍሩበት ቋንቋ ይገባቸዋል።