«ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «አዎ ቲቸር!» ይላል። ፈተና ሲመጣ ግን ጉዳችን ይወጣል። ዛሬ ይህን ያነሳሁት ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ላወራ ፈልጌ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው በኦፕራሲዮን ነው። የት እንደነበር ይቅር። «እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ፣ ፈረምኩ። ምጥ ላይ የነበረችውን ባለቤቴን ግን ማንም ምንም አላላትም። ለምን ኦፕራሲዮን እንዳስፈለጋት እንኳ ሳታውቅ ቤት ገባች።

ሁለተኛውን ስታረግዝ እዚሁ ነቀምቴ ክትትል ጀመርን። ያገኘናት አዋላጅ ነርስ በአፋን ኦሮሞ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። «አንዴ በኦፕራሲዮን ስለወለድሽ ሁለተኛውም የግድ በኦፕራሲዮን ነው ማለት አይደለም። በምጥ መሞከር ይቻል ይሆናል፤ ግን የድሮው ጠባሳ ሊተረተር ስለሚችል ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል መሆን አለብሽ።» የሁለቱንም ጥሩና መጥፎ ጎን ነገረቻት። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት «ቲቸር፣ መጀመሪያ እሷ ትናገር» አለችኝ። አፈርኩ!

ከዚያ «ገባሽ?» አላለችም። «የነገርኩሽን በራስሽ አባባል ለባልሽ ንገሪው» አለቻት። ባለቤቴ ስትናገር እናቷ አገር ያለው ጤና ጣቢያም ይበቃል ብላ እንደተረዳች ታወቀ። ነርሷ እንደገና አስረዳቻት፤ «ዛሬ መወሰን የለብሽም፣ አስቢበት» ብላ ሸኘችን። ምን እንደመረጠች የእሷ ጉዳይ ነው። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ትልቅ ነገር ነው። ግን እናት ጤና ጣቢያ መጣች ማለት አውቃ ወሰነች ማለት አይደለም። ከነጆ ወይም ከሻምቡ ገጠር ያለች እናት ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እናቶች ማቆያ ትቆይ እንደሆነ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚያይላት ቀድማ ማሰብ አለባት። ምጥ ከያዛት በኋላ ምን ምርጫ አለ?

«ወረፋው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ አንዲት አዋላጅ ያን ሁሉ ሰው እንድታይ መደረጉ ራሱ መፍትሔ ይፈልጋል። ግን «መልሰሽ ንገሪኝ» ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ሚድዋይፍ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ። ባሎች ደግሞ ለክትትል አብረን እንሂድ፤ ስንሄድ ግን መጀመሪያ እሷ ትናገር።

እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።