ገና አልተገላገለችም

«ወለደች፣ ተገላገለች» እንላለን። አልተገላገለችም! የአራስ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው ከወለደች ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ የት ናት? የሆስፒታሉ ሂሳብ እንዳይበዛ በማግስቱ ወጥታ፣ አራት ሆነን በተከራየናት ክፍል ተኝታለች። ራሷን ሲያማት «ምች ነው» ብለን ፓናዶል እንሰጣታለን፣ አጥሚት እናጠጣታለን። አጥሚቱ ደግ ነው፤ ግፊት ግን አያወርድም።

«እናቶቻችን ያለ መለኪያ ወልደው አሳድገውናል» የሚሉ አሉ። ያሳደጉንን ነው የምንቆጥረው፤ በአራስነታቸው የቀሩትን ማን ቆጠረ? «በእርግዝናዋ ግፊት አልነበረባትም» የሚሉም አሉ። በእርግዝና ግፊት የነበረባት፣ መንታ የወለደች፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ያለባት ይበልጥ ታሰጋለች፤ ነገር ግን ጤነኛ የነበረችውንም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊይዛት ይችላል።

ስለዚህ ዕቁብ የምንጥል ሴቶች አንድ መለኪያ አዋጥተን እንግዛ። አራሷ በ3 ቀን ውስጥ ትለካ፣ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ደግሞ ትደገም። 140/90 ከደረሰ ሐኪም ይያት። 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። በሩ ላይ በቅርቡ መውለዷን ተናገሩ፤ ካልነገራችኋቸው እንደ ማንኛውም ራስ ምታት ሊያዩት ይችላሉ። ግፊት በአረብኛ «ዳግት» ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እያጠባች የምትወስዳቸው የግፊት ክኒኖችም አሉ።

«ወረቀት የላትም፣ ይይዟታል» ትሉኛላችሁ። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ከማዳም ቤት የወጣችን ሴት ሕገ ወጥ የሚያደርጋት ከፋላ ነው፤ እሱን መታገል አለብን። ግፊቱ ግን ከፋላ እስኪሻር አይጠብቃትም። ብቻዋን አትላኳት፤ አረብኛ የምትችል አብራት ትሂድ፣ ማኅበሩም ይወቅ።

አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ስንዋጣ ማንም ወደኋላ አይልም። መለኪያው ከዚያ እጅግ ይረክሳል።