የቮልስዋገን ቺንጋና የመለዋወጫ ነጋዴው

የመጨረሻው ባለ ጥንዚዛ ቅርጽ ቮልስዋገን ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ስለሆነ፣ አንዳንድ አስመጪዎች የዚህን መኪና መለዋወጫ «የሞተ ዕቃ ነው» በማለት ከመዝገባቸው ሰርዘውታል። እኔ ግን በዚህ አስተያየት አልስማማም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እነዚህ አሮጌ መኪናዎች ዛሬም ሲመላለሱ የማያይ ሰው የለም። ከዚህም በላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። እንግዲህ ባለመኪናው በእጁ ያለውን ጠግኖ ከመያዝ በቀር ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ይሁን እንጂ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የገበያው ስፋት ሳይሆን የአሻሻጣችን ሥርዓት ነው። በጸሐፊነት ሥራዬ ደረሰኝ መቁረጥና የደንበኞችን አቤቱታ መመዝገብ የዘወትር ተግባሬ ስለሆነ፣ አንድ ነገር ደጋግሜ ታዝቤአለሁ። ደንበኛው ለአንድ ቮልስዋገን ባትሪ ይገዛል፤ ወራት ሳይቆይ «ባትሪያችሁ አልሠራም» ብሎ ይመለሳል፤ ይከራከራል፤ በመጨረሻም ከሌላ ሱቅ ሌላ ባትሪ ይገዛል። ነገሩ ሲጣራ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን ዋጋዋ ከባትሪው ጋር ከቶ የማይወዳደር የአንዲት ቺንጋ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱን ለመረዳት የሞተሩን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ይበቃል። የቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። አንዲት ቺንጋ ከታችኛው የሞተር ፑሌጃ ተነሥታ ከላይ ያለውን ዲናሞ ታዞራለች፤ ነፋሱን የሚነፋው ቬንትሌተርም በዚያው በዲናሞው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ የታሰረ ነው። ስለዚህ ቺንጋዋ ብትላላ ባትሪው ይራባል፤ ብትበጠስ ግን ሞተሩ ራሱ ይቃጠላል። ጉድለቱ የዲናሞው ብቻ ቢሆን ሰው በቀን ብርሃን በባትሪው ኃይል ከቤቱ ሊደርስ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ቀይዋ መብራት በጉዞ ላይ ስትበራ የትኛው እንደ ደረሰ ከመቀመጫ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል፣ ወዲያው ቆሞ የኋላውን ክዳን መክፈትና ቺንጋዋ በቦታዋ መኖሯን ማየት ግዴታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና ያለ ቬንትሌተር ብዙ አይሄድም።

ምርመራውም እንደሚታሰበው ከባድ አይደለም። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ቀይዋ መብራት መብራት አለባት፤ ካልበራች አምፑሏ ተቃጥሏል፣ ወይም ሽቦው ተቋርጧል። ሞተሩ ተነሥቶ ዙሩ ሲጨምር ደግሞ መጥፋት አለባት። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብቻ ደብዘዝ ብላ ብትታይ፣ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር ብዙ ኃይል ስለማይሰጥ፣ አያስደነግጥም። ከዚህ በኋላ የቮልት መለኪያ በባትሪው ላይ ይደረጋል። በ12 ቮልት መኪና በሚገባ የተሞላ ባትሪ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ፣ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር ከ13.5 እስከ 14.5 ያህል ሊደርስ ይገባል። ቁጥሩ ከነበረበት ካልተነቃነቀ ከዲናሞው የሚመጣ ኃይል የለም ማለት ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ጥሏል፤ አዲስ ባትሪ ቢገባም አፍልቶ ይገድለዋል። ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ቮልስዋገኖች 6 ቮልት እንደ ነበሩና አንዳንዶቹም በኋላ ወደ 12 እንደ ተለወጡ ሻጩ ማስታወስ አለበት፤ ይህን ሳይጠይቅ ባትሪ የሚያወርድ ሰው በግምት እየነገደ ነው።

ኃይሉ ሲጠፋ ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ ቢሄድ መልካም ነበር፤ መጀመሪያ ቺንጋ፣ ቀጥሎ የባትሪው ማሳና ማሰሪያዎቹ፣ ቀጥሎ የዲናሞው ካርቦን፣ ከዚያ ሬጉሌተሩ፣ በመጨረሻም ዲናሞው ራሱ። በእኛ ገበያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ በባትሪ ይጀመራል። የባትሪ ትርፍ ከቺንጋ ትርፍ መብለጡ ለዚህ ልማድ ምን ያህል እንደ ረዳ አንባቢው ይገምት።

ያረጀች ቺንጋ ራሷ ትናገራለች። ጎንና ጎኗ እንደ መስታወት ካበራ ስትንሸራተት ኖራለች፤ በፑሌጃው አካባቢ ጥቁር ብናኝ መኖሩና ነዳጅ ሲሰጥ መጮኋም ይህንኑ ያስረዳሉ። ውስጧ ከተሰነጣጠቀ ዕድሜዋ አልቋል። ጠርዟ ክሩን ከዘረዘረ የፑሌጃው ከንፈር ተጎድቷልና ቺንጋ ብቻ መለወጥ አይበቃም። ዘይት የጠጣች ከሆነችም ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አዲሷን ማግባት ገንዘብ መጣል ነው። በትክክል የተወጠረች ቺንጋ መካከሏን በአውራ ጣት ሲጫኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትረግባለች። ከዚህ በላይ የሚያከሯት ሰዎች «እንዳትንሸራተት» ይላሉ፤ ዳሩ ግን የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላሉ። ማስተካከያው በዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ግማሾች መካከል ባሉት ስስ ቀለበቶች ነው። ከመካከል አንዱን አውጥቶ ከዳዶው ሥር ቢያስቀምጡት ቺንጋዋ ትከራለች። በመካከል የቀረ ቀለበት ከሌለና አሁንም ከላላች፣ ተለጥጣ አልቃለችና መለወጥ አለባት። የወጡትን ቀለበቶች የሚጥል መካኒክ ግን ለሚቀጥለው ቺንጋ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አላውቅም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ባለሱቆቹ ልመለስ። ቺንጋን በሱቅ በር ላይ በምስማር ሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው መዋል የብዙ ቦታ ልማድ ሆኗል። ለዓይን ይስባል፤ ግን ጎማ በፀሐይና በሙቀት ይደርቃል፣ በምስማሩም ላይ ይታጠፋል። ገዢው «አዲስ» ብሎ የሚወስደው ዕቃ ገና ሳይሠራ ዕድሜው የተቀነሰ ነው። ባትሪም እንደዚሁ በመደርደሪያ ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያፈስሳል፤ በየጊዜው ካልተሞላ ውስጡ ይደነድናል። እንዲህ ያለውን ሸጦ ደንበኛውን «አያያዝ አታውቅም» ማለት አግባብ አይደለም።

«እኔ ሻጭ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በግማሹም እውነት ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ወረፋ ይዞ ለሚጠብቅ ገዢ ሁሉ መኪና መክፈት አይቻልም። ሆኖም አንድ የቮልት መለኪያ ገዝቶ በሱቁ ማስቀመጥ፣ «ቀይዋ መብራት ትጠፋለች ወይ? ቺንጋውን አይተዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የጨርቅ ነጋዴ ሜትር፣ የእህል ነጋዴ ሚዛን ይዞ ሲኖር፣ የባትሪ ነጋዴ መለኪያ የማይዝበት ምክንያት አይታየኝም። አላስፈላጊ ባትሪ በተሸጠ ቁጥር በብዙ ልፋት የተገኘ የውጭ ምንዛሪ አብሮ እንደሚባክንም አስመጪዎች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ አባሎች ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው፣ በደረሰኙ ላይ «ቺንጋ 1» ብቻ እየተባለ መጻፉ ቀርቶ፣ በጀርባዋ የታተመው ስፋትና ርዝመት ይጻፍ። ለ12 ቮልቱ ሞተር በተለምዶ የሚሆነው ባለ 905 ሚሊ ሜትሩ ነውና፣ «ትቀራረባለች» ተብሎ ሌላ ሲሰጥ ገዢው ከደረሰኙ ላይ ማስረጃ ያገኛል። ሁለተኛው፣ ቺንጋ የሚያስመጣ ሰው በዚያው ጭነት የዲናሞ ካርቦን ጨምሮ ያስመጣ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ በመጥፋቱ ብቻ ሙሉ ዲናሞ ሲለወጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ከተለወጡትም ዲናሞዎች አንዳንዶቹ ካርቦናቸው ከማለቁ በቀር ጤነኞች ነበሩ።