ካርዱስ አልሞተም

ዴቢያን ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፑ ላይ የሚጭን ሰው ቋንቋና የኪቦርድ ዓይነት መርጦ እስኪጨርስ ድረስ ሁሉም ነገር ይቀናዋል። ጫኚው ፕሮግራም የኔትወርክ ካርድ ፍለጋ ሲጀምር ግን ሥራው ቀጥ ሊል ይችላል። በቀድሞዎቹ እትሞች በዚህ ጊዜ አንድ መልእክት ብቅ ይል ነበር፦ ካርዱ ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር ይፈልጋል፣ የጎደለው ፋይል ስሙ ይኸው፣ በፍላሽ ይዘዋል ወይ? ፋይሉ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚገባው ደግሞ በዚያው ካርድ በኩል ነው። ትናንት በዊንዶውስ ሲሠራ የዋለ ዋይፋይ ዛሬ ድራሹ ሲጠፋ፣ ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ መደምደም ይቀላል።

ካርዱ ግን ደህና ነው።

ብዙዎቹ የዋይፋይ ካርዶች የሚመሩበትን ፕሮግራም በውስጣቸው ይዘው አያድሩም። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊያጎርሳቸው ይገባል፤ ካላጎረሳቸው አይነቃነቁም። ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። የኢንተልን ካርድ የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ ድራይቨር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም፣ ፈርምዌሩ ግን እንደተዘጋ ነው።

ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል ሲስተሙ ምንጊዜም ነጻ ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) እንደሚሆን ቃል ገብቷል። ይህን ቃል ለመጠበቅ በ2011 የወጣው ስድስተኛው እትም ዝጉን ፈርምዌር ከሲስተሙ እምብርት፣ ከከርነሉ፣ አስወጣ። ፈርምዌር ያለበት ቅጂ ለብቻው ይዘጋጅ ነበር፤ ይፋዊ ስላልነበረ ግን መኖሩን የሚያውቁት ልምድ ያላቸው ነበሩ። የሚቸገረው ጀማሪው ነበር።

በ2022 የዴቢያን አባላት ድምፅ ሰጥተው ውሉን አሻሻሉ። በሰኔ 2023 የወጣው 12ኛው እትም ፈርምዌሩን በይፋዊው የመጫኛ ቅጂ ውስጥ ይዞ መጣ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ስጋት ቀላል አይደለም፤ ማንም ሊመረምረው የማይችል ኮድ በማሽኑ ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን ያ ካርድ በዊንዶውስም የሚሠራው በዝግ ኮድ ነው። ጀማሪውን በር ላይ መመለስ ኮዱን አይከፍተውም፤ የማይፈልገው ሰውም ጫኚው ሲነሣ ፈርምዌሩን መከልከል ይችላል።

ችግሩ ግን ጨርሶ አልተወገደም። የአንዳንድ አሮጌ የብሮድኮም ካርዶችን ፈርምዌር ለሌላ ማከፋፈል ስላልተፈቀደ ዴቢያን አብሮ ሊሰጠው አይችልም። እንዲህ ያለ ካርድ የገጠመው ሰው አንድሮይድ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔት ቢያጋራ፣ ጫኚው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን እንደ ተራ የኬብል ካርድ ያየዋል። የካርዱን ትክክለኛ ስም ደግሞ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የተባለው ትእዛዝ ያወጣል። ገንዘብ አውጥቶ ሌላ ካርድ ከመግዛት በፊት እነዚህን ሁለቱን መሞከር ይገባል።

የማከፋፈል ፈቃዱ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለካርድ አምራቾቹ ነው። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሥራች ቴዎ ደ ራት በ2004 ዘመቻ ሲከፍት አምራቾቹን የጠየቀው የፈርምዌሩን ምንጭ ኮድ አልነበረም፤ ፋይሉን ከሲስተሙ ጋር አብሮ የማከፋፈል ፈቃድ ነበር። አንዳንዶቹ ፈቀዱ። ቀሪዎቹም ይህን ቢፈቅዱ ካርድ የገዛው ደንበኛ ይጠቀማል እንጂ እነሱ የሚያጡት የሥራ ምስጢር የለም።