የካሊፎርኒያ የጭስ ደንብ ለእንግዳም ነው

በአሜሪካ በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ካሊፎርኒያ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው የጭስ ምርመራ ደንብ የሚከብደው አንድ መኪና ይዞ ለሚተዳደረው ነው። ደንቡ ክብደታቸው ከ14,000 ፓውንድ የሚበልጡ የናፍጣ ተሽከርካሪዎችን ይመለከታል፤ ሰሌዳው የቴክሳስ ቢሆንም ያው ነው። አብዛኞቹ በዓመት 2 ጊዜ ይመረመራሉ። ከ2013 ሞዴል ወዲህ ያለው ሞተር በኮምፒውተሩ ይነበባል፤ የቀደመው ጭሱ ይለካል።

ዓመታዊ ክፍያው 30 ዶላር ገደማ ነውና አይጎዳም። (ለቦሎ ተሰልፎ ለሚውል አንባቢ ይህ ቅንጦት ነው።) የሚጎዳው ሌላ ነው። ጭነት ሰጪዎችና ደላሎች የመኪናውን ምስክር ወረቀት የማረጋገጥ ግዴታ ስላለባቸው፣ ወረቀት የሌለውን ከፖሊስ በፊት ገበያው ይቀጣዋል። ውጤቱን ከቀነ ገደቡ በፊት ባሉት 90 ቀናት ማስገባት እየተቻለ የመጨረሻዋን ሳምንት መጠበቅ፣ መኪናው ቢወድቅ የጥገና ጊዜ ማጣት ነው።

አንድ ግዛት ያልመዘገበውን መኪና ማዘዝ ይችላልን? የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2025 ደንቡ በሌላ ግዛት ተሽከርካሪዎች ላይ ያለውን ተፈጻሚነት እንዳያጸድቅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህን ሰምቶ «ደንቡ ቀረ» ያለ ሹፌር ግን ተሳስቷል። የፌዴራል ማጽደቂያ መነፈግ ብቻውን የግዛትን ሕግ አይሽርም።